ከጉልላት እስከ ቦይ፦ አሮጌ ቤትን በውኃው መንገድ መመርመር

በመቄት፣ ፍላቂት ከተማ ላይ አሮጌ ቤት ሊገዛ፣ ሊወርስ ወይም ሊያድስ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል። ዝጓል? ያፈሳል? ስንት ቅጠል ይቀየራል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ግን የምርመራው ግማሽ ብቻ ናቸው። በመቄት ደጋ ላይ ቤት የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በቀዳዳ ገብቶ መኝታ ያረጠበው ውኃ አይደለም። ያለ ምንም እንከን በጣሪያው ላይ ተንሸራትቶ፣ በክፈፉ ወርዶ፣ ከግድግዳው ሥር የተኛው ውኃ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ባለቤቱን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ በማግስቱ ሰው ተጠርቶ ይጠገናል። ወደ መሠረት የሚሰርገው ውኃ ግን ማንንም አይቀሰቅስም። አንድ ክረምት ጭቃውን ያለሰልሳል፤ በሌላው ክረምት ድንጋዩን ከድንጋዩ ያላቅቃል፤ ከዚያ በአንዱ ነሐሴ ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ይገኛል።

ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ጣሪያውን፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውን ክፍተትና የውኃ መውረጃውን ለየብቻ አንመለከታቸውም። ሥራው አንድ ነው። ዝናቡ ጉልላቱን ከነካበት ጀምሮ ግቢውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ያለውን መንገድ በዓይንና በእግር መከተል ነው።

ላሊበላ ላይ የሆነው

ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ የሚሆነን እዚሁ ጎረቤት ላስታ ላይ አለ። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ላሊበላ ያደርሳል። እዚያ ያሉትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያይ ሰው የሚደነቀው በአዕማዱ፣ በመስኮቱና በመስቀሉ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ግን ከሕንፃዎቹ ጋር አብረው ያወጡት ሌላ ታላቅ ሥራ አለ፤ እሱም ውኃውን ከየግቢው እየተቀበለ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሰፊ የቦይ መረብ ነው። መሬት ተቆፍሮ ውስጡ የቀረ ሕንፃ ውኃው መውጫ ካጣ ገና በመጀመሪያው ክረምት ይዋጣል። ይህንን ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና መሮው አለቱን ሲነካ የሕንፃው ብቻ ሳይሆን የውኃውም ፕላን በእጃቸው ነበር። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ውኃውን ከግድግዳው አርቀው የሚተፉትን የድንጋይ አሸንዳዎች አይቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ቢያያቸው እመኛለሁ።

እነዚያ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ኖሩ። የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥም መስመራቸውን አዛብቶታል። ዩኔስኮ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቧል። በቅርሶቹ ላይ ለደረሰው ከባድ የውኃ ጉዳት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች ውስጥ የእነዚሁ ቦዮች መደፈንና መዛባት ይገኝበታል። ይህ የሆነው በአለት ላይ ነው። ጭቃና ባህር ዛፍ ላይ የቆመ ቤት ምን ያህል እንደሚታገሥ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከላሊበላ የምንማረው ሁለተኛ ነገርም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ውኃ እንዳያስገቡ ተብሎ በሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተካሄደው ጥገና ያንን ቅብ ልጦ ማንሣት ነበረበት። ውኃ እንዳያስገባ የተቀባ ድንጋይ በስንጥቅና ከሥር የገባበትንም እርጥበት አያስወጣም፤ ታፍኖ የቀረው እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል። ዛሬ በየከተማው የሚታየው፣ ያበጠና የሚረግፍ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ ልስን አፍኖ «አለቀ» የማለት ልማድ የዚያው ስህተት ወንድም ነው።

በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ 4 ግዙፍ መጠለያዎች 5ቱን አብያተ ክርስቲያናት ሸፍነው ቆሙ። ጊዜያዊ ተብለው የተተከሉ ናቸው፤ ክብደታቸው የላሊበላን ካህናትና ነዋሪ ሲያሳስብ ኖሯል። ዝናቡን ከላይ መጋረድ ራሱን የቻለ ሸክም እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

መቼ እንመርምር?

የበልግ ዝናብ ጣሪያውን በትንሹ ፈትኖ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ጥሩ ወር ነው። በልጉ የተወው ነጠብጣብ በኮርኒሱ ላይ ገና ትኩስ ነው፤ ቆርቆሮው ደርቋል፤ ግንበኛና አናጢም በየደጁ ከመጠራቱ በፊት ይገኛል። በአካባቢው ለማስታወስ የሚቀለው ቀን የቅዱስ ላሊበላ በዓል፣ ሰኔ 12፣ ነው፤ ከዚያ በፊት መጨረስ ይበጃል።

እውነተኛው ምርመራ ግን በዝናብ ውስጥ የሚደረገው ነው። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዶፉ ሲጀምር ጃንጥላ ወይም ገሣ ይዘው ይውጡና ቤቱን ሩብ ሰዓት ያህል ይዙሩት። ውኃው ከጣሪያው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ፣ ከጎረቤት በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። አንዳንድ ትናንሽ እንጨቶች ይዘው ውኃው በሚተኛበት ቦታ ይትከሉ። በጋ ላይ መቶ ጊዜ ቢዞሩት የማይታየው በዚያች ሩብ ሰዓት ይታያል።

ቤቱን ገና ሊገዙ ከሆነና ክረምት መጠበቅ ካልቻሉ የሚጠየቅ ሰው አለ። ደላላውን ይተዉትና ግቢው ውስጥ ወይም አጠገቡ የኖሩትን ባልቴት ይጠይቁ። «እማማ፣ ባለፈው ነሐሴ ውኃው የት ጋ ነበር የሚተኛው?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከመሐንዲስ የማያገኘውን መልስ ያገኛል። «ጓዳው በየዓመቱ ይረጥባል» ካሉ ጓዳውን ከማየት በፊት ከጓዳው በስተላይ ያለውን መሬት ይመልከቱ።

ጣሪያው

በላስታና በመቄት የቀደመው ቤት የድንጋይ ግድግዳና የሳር ክዳን ያለው ጎጆ ነው። ላሊበላ ላይ ባለ ሁለት ደርቡ፣ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠራው የላስታ ጎጆ ዩኔስኮ ከቅርሱ ጋር አብሮ የሚጠቅሰው ነው። ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ በደጋው ላይ ካለፈ ወዲህ ቆርቆሮ በመኪና መምጣት ቻለ፤ መንገዱን ተከትለው ያደጉ እንደ ፍላቂት ያሉ ከተሞችም የቆርቆሮ ከተሞች ሆኑ። ስለዚህ የሚመረምሩት ቤት ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይም ደግሞ ለሳር በተሠራ ግድግዳና እንጨት ላይ በኋላ ቆርቆሮ የተመታበት ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሳሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ክዳኑ ከሩቅ ሲታይ ስርጉድ ያለበት ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው ማገር ወይም ወራጅ ደክሟል። እጅዎን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ የላዩ ሳር ቢረጥብም ትንሽ ወረድ ሲሉ ደረቅ ሊሆን ይገባል፤ ውስጡ ጥቁርና ልስልስ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል። በገለባ የተከደነ ቤት ላይ ገብስ ወይም አረም በቅሎ ከታየ ክዳኑ ውኃ ይዞ እየዋለ ነው። ጉልላቱ ላይ የሚደፋው ማሰሮ ተሰንጥቆ ወይም ተንሸራቶ እንደሆነ ይታይ፤ የሳር ቤት መጀመሪያ የሚያፈሰው እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ላስረግጥ። ጭስ የሳር ክዳንን ያደርቀዋል፣ ተባይም ያርቅለታል። እሳቱ ወደ ውጭ ማድ ቤት ሲወጣ ለዓይንና ለሳንባ ትልቅ ጤና ነው፤ ክዳኑ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ማድ ቤቱን ያወጣ ሰው የክደናውን ዘመን ማሳጠር እንዳለበት ያስብ።

ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። መጀመሪያ ከመሬት ሆነው፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከቤቱ ራቅ ብለው ይመልከቱ። የጉልላቱ መስመር ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወገቡ ጎብጧል? የጎበጠ ጉልላት የቆርቆሮ ሳይሆን የእንጨት ጉዳይ ነው፤ ቆርቆሮ በመቀየር አይድንም። ከዚያ ድንጋዮቹን ይቁጠሩ። ንፋስ እንዳያነሣው ተብሎ በጣሪያው ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ መጫን በደጋው የተለመደ ነው። ድንጋዩ ባረፈበት ቆርቆሮው ይሰረጉዳል፣ ቅጠልና አቧራ ይጠራቀማል፣ እርጥበቱም ከሌላው ቦታ ይልቅ ይቆያል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ድንጋይ የበዛበት ጣሪያ ሚስማሩ መላላቱን በራሱ እየተናገረ ነው።

ሚስማሩ ለምን ይላላል? ቀን በፀሐይ የጋለ ብረት ሌሊት በውርጭ ይቀዘቅዛል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቅጠል በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። ይህ በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም ሚስማሩን ከእንጨቱ ይነቅለዋል፤ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። ስለዚህ ሚስማሮቹን በእጅ እየነኩ መሄድ የምርመራው ዋና ክፍል ነው። በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ተመትተዋል ወይስ በስርጉዱ? ውኃ የሚሄደው በስርጉዱ ነውና እዚያ የተመታ ሚስማር ሁሉ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ሚስማሩን መልሶ መምታት አይጠቅምም፤ ይነቀልና ወፈር ባለ፣ ጎማው አዲስ በሆነ ይተካ።

ቅጠሎቹ የሚደራረቡበትን ይለኩ። ወደ ጎን ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ዳገቱ ለዘብ ባለ ጣሪያ 20 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለባቸው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ የተደራረበ ጣሪያ ያለ ንፋስ ላያፈስ ይችላል። የደጋው ዝናብ ግን ከንፋስና ከበረዶ ጋር ነው የሚመጣው፤ ንፋሱ ውኃውን ሽቅብ ገፍቶ ያስገባዋል። ቅያሬ ካስፈለገ ደግሞ ቁጥሩ እንዳያሳስትዎ፦ ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል፤ 35 ጌጅ ከሁሉም ይሳሳል፣ ሰው ሲረግጠውም ይታጠፋል።

ከቤቱ ጋር በኋላ የተቀጠለ ማድ ቤት ወይም ሱቅ ካለ የሁለቱ ጣሪያዎች መገናኛ ላይ ብዙ ይቆዩ። ከሁለት ወገን የመጣ ውኃ በአንድ ጠባብ ገንዳ ሲያልፍ ትንሽ ቅጠል ይበቃዋል፤ ተዘግቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈባቸው የሰሜን ወሎ ከተሞች ደግሞ የጥይትና የፍንጣሪ ቀዳዳ መፈለግ አይረሳ። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ከሥሯ ያለውን ወራጅ በጥቂት ክረምት ታበሰብሳለች።

ጣሪያ ላይ መውጣት ካስፈለገ ቆርቆሮው ፍጹም የደረቀ ይሁን፤ ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ይርገጡ፣ እንጨቱ ያለው ከእሱ ሥር ነውና። የመብራት ገመድ በጣሪያው ላይ የሚያልፍ ወይም ቆርቆሮውን የሚነካ ከሆነ አይውጡ፤ መሰላልም አያስጠጉ። መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይነገርና ገመዱ ይነሣ።

ከኮርኒሱ በላይ

ብዙ ሰው ይህንን ክፍል አያየውም፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ከረጢት ወይም ቺፕውድ ይሁን፣ ከበላዩ ያለው ጨለማ የአይጥና የሌሊት ወፍ ግዛት ሆኖ ይቀራል። መክፈት ግን ግድ ነው። ከአንድ ጥግ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ይከፈት፤ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል፣ የወፍና የአይጥ ኩስ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነውና።

ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትበረታ፣ ይግቡና ባትሪውን አጥፍተው ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይቆዩ። ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ያበራሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ወይም ስንጥር ወደ ውጭ ይሰኩ፤ ከውጭ ያለው ሰው ቦታውን ወዲያው ያገኘዋል። ከዚያ ባትሪውን አብርተው የውኃውን ዱካ ይፈልጉ። ኮርኒሱ ላይ ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ቦታ አይደለም። ውኃ ገብቶ በወራጁ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ማገር ወይም ሚስማር ሲያግደው ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከነጠብጣቡ ተነሥቶ ሽቅብ፣ ወደ ጉልላቱ ነው መፈለግ። ዱካው ከጠፋ አንድ ሰው ጄሪካን ውኃ ይዞ ከክፈፉ አጠገብ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እያፈሰሰ ይሂድ፤ እርስዎ ከውስጥ ሆነው ይጠብቁ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ጣሪያውን ሁሉ ስለሚያጥለቀልቀው ቀዳዳው አይለይም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት አንድ ስህተት እዚህ ላይ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ንጋት፣ ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ሲንጠባጠብ ባለቤቱ «ጣሪያዬ ያፈሳል» ብሎ ቅጠል ይለውጣል። ያ የዝናብ ውኃ አይደለም። በሌሊት የሰው ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎት፣ ከብት አብሮ ካደረም የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ውርጭ ያቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል። መለያው ቀላል ነው፤ ዝናብ ሳይኖር የሚመጣና በሰፊው ቦታ ሁሉ የሚያረጥብ ከሆነ እንፋሎት ነው፤ ከዝናብ በኋላ በአንድ ቦታ የሚመጣ ከሆነ ቀዳዳ ነው። ለእንፋሎቱ መድኃኒቱ አዲስ ቆርቆሮ ሳይሆን አየር ነው። በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች፣ ከጉልላቱ ሥር፣ ትይዩ የሆኑ መተንፈሻዎች ይከፈቱ፤ ወፍ እንዳይገባም ወንፊት ሽቦ ይደረግባቸው።

እንጨቱን በወስፌ ይፈትኑት። ደህና እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያስገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መፈተን ያለበት የወራጁ ጫፍ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ነው፤ ባለ ደርብ ጎጆ ከሆነ ደግሞ የወለሉ አግዳሚዎች ድንጋዩ ውስጥ የገቡበት ጫፍ። ከመካከሉ ብረት የመሰለ እንጨት ግድግዳ ውስጥ ያለው ጫፉ እንደ ቡላ ሊፈረፈር ይችላል። ከእንጨቱ ሥር የተከመረ ደቃቅ ዱቄት ካዩ ነቀዝ እየበላው ነው። ባህር ዛፍ ርካሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ በእሱ የቆመ ነው፤ እርጥበት ካገኘው ግን ከጽድና ከወይራ በፊት ይወድቃል።

እንጨትን ዕድሜ ብቻውን አይገድለውም። ከላሊበላ በስተሰሜን በኩል ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተገነባ ነው፤ የቆመውም በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ዝናብ አይነካውም። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል ተብሎ የሚታመንለት ይህ ሕንፃ እንጨቱ እስከ ዛሬ እንጨት ነው። የእኛ ቤት ዋሻ የለውም፤ ያለው ክፈፍ ነው።

ከጠፈጠፍ ወደ ታች

ክፈፉ ከግድግዳው ምን ያህል ይወጣል? ለጭቃ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ለሳር ተሠርቶ በኋላ ቆርቆሮ በተመታበት ቤት ችግሩ እዚህ ነው፤ ወፍራሙ ሳር ግድግዳውን አልፎ ይንጠለጠል ነበር፣ ቆርቆሮው ግን ለቁጠባ በግድግዳው ልክ ተቆርጧል። ጠፈጠፉ ከግድግዳው ሥር ጥርብ የመሰለ ቦይ በራሱ ቆፍሮ ካዩ፣ የምርጊቱም የታችኛው ክፍል በርጭት ተበልቶ ጭዱ ከወጣ፣ ቆርቆሮው አዲስ ቢሆንም ቤቱ እየተጎዳ ነው።

የውኃውን ብዛት በቁጥር ማሰብ ይጠቅማል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። 6 በ8 ሜትር የሆነ መሬት የሚሸፍን ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,440 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 72 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያፈስ ከሆነ በእያንዳንዱ ግድግዳ ሥር 36 ጄሪካን ተደፋ ማለት ነው። ማንም ሰው በገዛ እጁ 36 ጄሪካን ውኃ ከመሠረቱ ላይ አይደፋም፤ ጣሪያው ግን ባለቤቱ እያየ በየሳምንቱ ይደፋዋል። ያው ውኃ አሸንዳ ተደርጎለት በርሜል ወይም ታንከር ውስጥ ቢገባ በበጋ የሴቶችንና የልጆችን የውኃ ጉዞ የሚያቃልል ሀብት ነበር።

አሸንዳ ካለ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበሉን ይመልከቱ፤ መካከሉ ላይ ውኃ የሚያጉር አሸንዳ ከሌለ አይሻልም። የመውረጃው ጫፍ የት ነው? ብዙ ቤት ላይ ጥሩ አሸንዳ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ የቤት ማዕዘን ሥር ይለቀዋል፤ ያ ከጠፈጠፍ የባሰ ነው፣ ጉዳቱን በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያከማቸው።

ከዚያ መሬቱ። ከግድግዳው ጀምሮ 1 ሜትር ሲራቁ መሬቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አሮጌ ቤት ላይ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው፤ አመድ፣ ጥራጊና የፈረሰ ምርጊት ለዓመታት በግቢው ተከምሮ ደጁ ከወለሉ በላይ ሆኗል። ይህንን ለማወቅ የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል፤ በውኃ የተሞላ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ማለት ነው። ወለሉ ከደጁ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከሌላው ጥገና ሁሉ በፊት ያ አፈር ይነሣ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን የድንጋይ ረድፍ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው እየመቱ ይሂዱ። ጭቃው ታጥቦ የወጣበት ቦታ ድምፁ ባዶ ይሆናል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ምርጊቱ ላይ ብቻ ያለው ቀጭን ስንጥቅ የመድረቅ ነው። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ በበጋ የሚከፈትና በክረምት የሚዘጋ ስንጥቅ ግን የመሬቱ እንቅስቃሴ ነው። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤት አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። በስንጥቁ ላይ አቋርጦ ትንሽ የጄሶ ልጣፍ ይደረግና ቀኑ ይጻፍበት። በሁለት ክረምት ውስጥ ጄሶው ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የድሮ ነው። ከተሰነጠቀ ግን መጀመሪያ ግድግዳውን ሳይሆን የአፈሩን እርጥበት አንድ ዓይነት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም እንደገና ወደ ቦዩ ይመልሰናል።

ፍላቂትን በመሰለ ተዳፋት ላይ ባለ ከተማ የጣሪያው ውኃ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከበላይ ካለው ግቢ፣ ከመንገዱ፣ ከመንገዱ ሥር ከተቀበረው ቱቦ ጎርፍ ይመጣል። ከመንገድ በታች የተሠራ ቤት ሲመረምሩ ወደ መንገዱ ወጥተው ቱቦው ወዴት እንደሚተፋ ሳያዩ አይመለሱ። ለዚህ መድኃኒቱ ከቤቱ በስተላይ የሚቆፈር የጎርፍ መቀልበሻ ነው። የመቄት ገበሬ ማሳው እንዳይታጠብ ፈሰስ እንዴት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ያው ዕውቀት ለቤቱም ይሠራል። ቦዩ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፤ በጣም ከበዛ መሬቱን እየቆረጠ ይሄዳልና ወለሉ በድንጋይ መነጠፍ አለበት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከቤቱ በስተላይ ካለ መቀልበሻው ወደ እሱ እንዳይመራ ጥንቃቄ ይደረግ።

ውኃው ከግቢዎ ሲወጣ የሌላ ሰው ግቢ እንደሚገባ አይዘነጋ። ቦይ ከመቆፈርዎ በፊት ከበታች ያለውን ጎረቤት ይዘው መስመሩን አብረው ይሂዱበት፤ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ብናወጣው እርስዎን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ በኋላ ሽማግሌ ከመቀመጥ ይሻላል። ብዙ ጊዜ አንድ ቦይ ለሦስትና ለአራት ቤት ይበቃል፤ ወጪውም ጉልበቱም ይከፋፈላል።

ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ብለን እናስብ። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ከቆርቆሮው በፊት ቦዩ። የሚያፈሱት ሚስማሮችና ቀዳዳዎች በጥቂት ብር ይደፈኑ፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ይነሣ፣ መቀልበሻው ይቆፈር፣ አጭር ክፈፍ ካለ በቅጣይ ይረዝም። አዲሱ ቆርቆሮ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ለቆፈራው ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ክረምቱ ያለሰለሰው መሬት ገና አልጠነከረም፣ ነሐሴ ላይ የተተከሉት ምልክቶችም በቦታቸው አሉ። ቁፋሮው ከመውጫው ይጀመርና ወደ ቤቱ ሽቅብ ይሂድ፤ በመካከል ድንገት ቢዘንብ የተቆፈረው ሁሉ ውኃውን ይዞ ይወጣል እንጂ ወደ ቤቱ አይመልሰውም።